የጃፓንኛ አንቱታ፦ «ሳን»፣ «ሳማ»፣ «ኩን» መቼ ነው? የገዛ አለቃን ያለ «ሳን» መጥራትስ ለምን?

ጀማሪዋ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓንኛ እየተማርኩ ነው። ፊደሎቹን ለምጃቸዋለሁ፣ ሰዋስዉም ቀስ እያለ እየገባኝ ነው። ሰው አጠራር ላይ ግን ተይዣለሁ። መጽሐፉ ከስም ኋላ የሚቀጠለው «ሳን» ለሁሉም ይሆናል ይላል። ከዚያ «ሳማ»፣ «ኩን»፣ «ቻን»፣ «ሴንሴ» እያለ ይቀጥላል። እሱ ይሁን፣ በልምድ ይያዛል።

ያልገባኝ ሌላ ነው። የቢሮ ስልክ አነጋገር የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። ከሌላ ድርጅት ሰው ደውሎ «ታናካ ቡቾ አሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ቡቾ የመምሪያ ኃላፊ ነው። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ «ታናካ ዋ ታዳይማ ጋይሹትሱ ሽቴ ኦሪማስ» ብላ ትመልሳለች። ታናካ አሁን ወጥቷል ማለቷ ነው። ሳን የለም፣ ቡቾ የለም። አለቃዋን ለማታውቀው ሰው በባዶ ስሙ ጠራችው። እኔ ኃላፊዬን በሰው ፊት እንዲህ ማለት አይሆንልኝም። አፌ እሺ አይለኝም።

ሌላው ደግሞ «እርስዎ» በጃፓንኛ ማን ነው? «አናታ» የሚለውን ይዤ ነበር። አንድ የማውቀው ልጅ ለትልቅ ሰው እንዳትይው አለኝ፣ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። የምታውቁ አስረዱኝ።

ናጎያ ነዋሪ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ዋናውን ነገር ነው። ይሄ ከገባሽ የቀረው ሁሉ ይቀልሻል።

በአማርኛ አንቱታ ሰውየውን ተከትሎ ነው የሚሄደው። አባቴን አንቱ የምል ሰው ከሆንኩ ለእናቴም፣ ለጎረቤትም፣ ለማላውቀው የቀበሌ ሠራተኛም «አባቴ መጥተዋል» ነው የምለው። አድማጩ ማንም ይሁን አባቴ ከማዕረጋቸው አይወርዱም። ጃፓንኛ እንዲህ አይደለም። እዚያ መጀመሪያ የሚታየው የማወራው ለማን ነው የሚለው ነው። ቀጥሎ ደግሞ የማነሳው ሰው ከእኔ ወገን ነው ወይስ ከአድማጩ ወገን?

የራስ ወገን «ኡቺ» ይባላል፣ ውስጥ እንደማለት። የውጭው ወገን «ሶቶ» ነው። ለሶቶ ሰው ስታወሪ ኡቺን በሙሉ ዝቅ ታደርጊያለሽ። ራስሽን፣ ቤተሰብሽን፣ አለቃሽን፣ ድርጅቱንም ጭምር። ሳን የአክብሮት ቅጥያ ስለሆነ ማንም በራሱ ስም ላይ አይቀጥለውም። ስልኩን ባነሳሽባት ሰዓት ደግሞ አለቃሽ ካንቺ ጋር አንድ ወገን ነው። ስለዚህ ለእሱም አይቀጠልም።

ግሱንም እዪው። «ኦሪማስ» ራስን ዝቅ ማድረጊያ ነው። ታናካ ከፍ ቢደረግ ኖሮ «ኢራሻይማስ» ይባል ነበር። ሠራተኛዋ አለቃዋን አልናቀችም። እሷና እሱ አብረው ለደዋዩ ጎንበስ አሉ።

አሁን ያንኑ ስልክ የታናካ ሚስት ደወለች እንበል። እሷ የአለቃሽ ቤተሰብ ናት፤ ከእሷ ጋር ስታወሪ እሱ ካንቺ ይልቅ የእሷ ወገን ነው። ስለዚህ ይገለበጣል። «ታናካ ቡቾ ዋ ጋይሹትሱ ሽቴ ኢራሻይማስ» ትያታለሽ። ሰውየው አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ የወጣበትም ጉዳይ አንድ። የተለወጠው የደወለው ሰው ብቻ ነው። የቢሮ ሥነ ምግባር የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ለይተው ያስተምራሉ፣ ምክንያቱም ጃፓኖቹ ራሳቸው እዚህ ላይ ይደናገራሉ።

ፊት ለፊት ከአለቃሽ ጋር ስትሆኚማ «ታናካ ቡቾ» ወይም ዝም ብለሽ «ቡቾ» ነው። አንድ የምትጠቅም ነገር ልጨምርልሽ። ሹመቱ ከስሙ በኋላ ሲመጣ አክብሮት ነው። ከስሙ በፊት ሲመጣ፣ «ቡቾ ኖ ታናካ» ሲባል፣ የሥራ ድርሻውን መግለጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ለውጭ ሰው ኃላፊነቱን ማሳወቅ ከፈለግሽ በዚህኛው መንገድ ትችያለሽ።

ጀማሪዋ

ዋው፣ እግዜር ይስጥልኝ! የሚስቱ ነገር ገረመኝ። እንግዲህ ስለ ገዛ አባቴም እንዲህ ነው ማለት ነው?

ናጎያ ነዋሪ

አዎ። ቤት ውስጥ ስትጠሪያቸው «ኦቶሳን» ነው። ለውጭ ሰው ስታወሪ «ቺቺ» ይሆናሉ። እናት ቤት ውስጥ «ኦካሳን»፣ ለውጭ «ሀሀ»። የሌላ ሰው አባት ግን ሁሌም ኦቶሳን ነው። ትንንሽ ልጆች ለማንም «ኦቶሳን» ይላሉ፣ ማንም አይቆጣቸውም። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ትልቅ ሰው ስለ አባቱ ኦቶሳን ካለ ገና አልበሰለም ይሉታል።

ሴንዳይ ተማሪ

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስላለሁ የትምህርት ቤቱን ልንገርሽ። አስተማሪ ሁሉ «ሴንሴ» ነው። ከስሙ ቀጥለሽ «ሳቶ ሴንሴ» ትያለሽ ወይም ስሙን ትተሽ ሴንሴ ብቻ። በላዩ ላይ ሳን አትደርቢ፣ ሴንሴ ራሱ ማዕረግ ነው። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የፓርላማ አባልም ሴንሴ ይባላሉ።

ካንቺ ቀድሞ የገባ ተማሪ «ሴምፓይ» ነው። ይሄ ከዕድሜ ጋር አይያያዝም። በዕድሜ ብትበልጪውም ቀድሞ ከገባ ሴምፓይሽ ነው። ከኋላሽ የመጣው «ኮሀይ» ይባላል፣ ግን ማንንም ኮሀይ ብለሽ አትጠሪም። በስሙ ነው የሚጠራው። ይህን ብዙ ሰው ያሳስተዋል።

«ኩን» ለወንድ ልጅ ነው ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። አንድ ፕሮፌሰር ወንድ ተማሪውን ኩን ይለዋል፣ አለቃም የበታቹን። ሴት የበታች ሠራተኛም ኩን የምትባልበት ጊዜ አለ። ከዚያ ደግሞ ፓርላማው አለ። የጃፓን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አባላቱን የሚጠራው በኩን ነው፣ ሚኒስትርም ሆነ ሴት። ዶይ ታካኮ እ.ኤ.አ. በ1993 የታችኛው ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሲሆኑ ይህን ትተው ሁሉንም በ«ሳን» ጠሩ። እስከ 1996 በዚያው ቀጠሉ። እሳቸው ከወረዱ በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ኩንን መልሶ አመጣው። እኔ ሴትዮዋ ልክ ነበሩ እላለሁ። ሳን ወንድ ከሴት፣ ትልቅ ከትንሽ አይለይም።

ትምህርት ቤቶችም ወደዚያው እየሄዱ ነው። ድሮ ወንዱ ኩን፣ ሴቷ ሳን ነበረች። አሁን ብዙ ትምህርት ቤት ሁሉንም ተማሪ ሳን ብሎ ይጠራል። ብዙ ድርጅትም ሹመቱን ትታችሁ ሳን ተባባሉ ብሏል። ለውጭ አገር ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

አስተርጓሚው

ልጄ፣ ስለ «አናታ» የጠየቅሽውን ማንም ስላልመለሰልሽ እኔ ልመልስ። ካይዘን ወደ አገራችን ሲገባ ከጃፓን ባለሙያዎች ጋር በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። የእኛ ሰዎች በትሕትና «እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲሉ ያንን በአናታ ብመልሰው ትሕትናው እዚያው ይጠፋል። አናታ ለትልቅ ሰው ሲባል አንተ እንደማለት ይከብዳል። ባዕድ ለባዕድ የሚለው ነው፤ መጠይቅ ወረቀት ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ። ሚስት ባሏን በፍቅር አናታ ትላለች። ለአለቃና ለእንግዳ ግን አይሆንም።

ታድያ ምን ይባላል? ስሙ ይጠራል። «ያማዳ-ሳን ምን ያስባሉ?» ብለሽ ያማዳን እራሱን ትጠይቂዋለሽ። ሹመት ካለው በሹመቱ። ወይም ምንም ሳትጠሪ በግሱ ብቻ ታልፊያለሽ። ግሱ የአክብሮት ከሆነ ማንን እንዳልሽ ይታወቃል። አማርኛም እኮ «መቼ መጡ?» ሲል እርስዎ የሚለውን አያስፈልገውም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ አይቸገርም። ልማዱ አለሽ፣ ተጠቀሚበት።

የሚገርመው መንግሥታቸው አናታን ሊያስለምድ ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የብሔራዊ ቋንቋ ምክር ቤታቸው ስለ ወደፊቱ አንቱታ አንድ ሰነድ አወጣ። ጦርነቱ አልፎ፣ ሕገ መንግሥቱ ተለውጦ፣ ሰው እኩል ነው የተባለበት ዘመን ነው። ሰነዱ ለሁሉም መጠሪያ «ሳን» መደበኛው ይሁን አለ፣ ለ«አንተና አንቺ» ደግሞ አናታ መደበኛው ይሁን አለ። ሳን ሠመረ። አናታ አልሠመረም። ሕዝቡ አለቃውን አናታ ለማለት አፉ አልታዘዘውም። ቋንቋ በመመሪያ አይመራም፣ ልጄ።

አኒሜ ወዳጅ

እኔ ጃፓንኛ የጀመርኩት ካርቱን በማየት ነው። እዚያ «ኦማኤ»፣ «ኪሳማ» ይባባላሉ። እነዚህስ?

ሴንዳይ ተማሪ

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አፍህ ላይ አታምጣቸው። ኦማኤ የልብ ጓደኛሞች ወንዶች ይባባሉታል፣ ለሌላ ሰው ድፍረት ነው። ኪሳማ ስድብ ነው። ዱሮ ሁለቱም የክብር አጠራር ነበሩ፤ ኪሳማ በደብዳቤ ላይ ለተከበረ ሰው ይጻፍ ነበር። እያደር ረክሰው እዚህ ደረሱ።

ቀጥተኛው

አንድ ነገር ልበል? ልጅቷን እያስፈራራችኋት ነው። ጀማሪ ናት። ለሁሉም ሳን ትበል፣ ግሱን በጨዋዎቹ ማብቂያዎች በ«ዴስ» እና በ«ማስ» ትጨርስ፣ በቃ። ጃፓኖች የውጭ አገር ሰው ሲሳሳት ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ራሳቸው አዲስ ተቀጣሪዎቻቸውን ሚያዝያ ላይ ሰብስበው የሚያሠለጥኗቸው እኮ ስለማይችሉት ነው።

ናጎያ ነዋሪ

ወንድሜ፣ ግማሹን እስማማለሁ። ሳን እና ዴስ-ማስ ለመነሻ ይበቃሉ፣ ሱቅ ለመግዛትና ጎረቤት ለመሆን። ጀማሪዋ ግን የጠየቀችው ስለ ቢሮ ነው። ቢሮ ውስጥ «ለውጭ አገር ሰው ይታለፋል» ማለት ስልክ አይሰጥሽም፣ ደንበኛ ፊት አትቀርቢም ማለት ነው። እኔ አብራኝ የምትሠራ ቬትናማዊት ኬጎ በመቻሏ ብቻ ከእኛ ቀድማ ደንበኛ ተቀባይ ስትሆን አይቻለሁ። ማለፍና ማመን ይለያያሉ።

ኬጎ የአክብሮት ቋንቋው ጠቅላላ መጠሪያ ነው። ትምህርት ቤት በሦስት ይከፍሉታል። ሌላውን ከፍ የምታደርጊበት ሶንኬጎ፣ ራስሽን ዝቅ የምታደርጊበት ኬንጆጎ፣ በደፈናው ጨዋ የምትሆኚበት ቴኔጎ። እ.ኤ.አ. በ2007 የባህል ጉዳዮች ምክር ቤታቸው መመሪያ ሲያወጣ በአምስት ከፈለው። ያንን ለፈተና ካልሆነ ተይው። አንድ ግስ ይዘሽ ብታጠኚ ይሻልሻል። መብላትን ውሰጂ። ተራው «ታቤሩ» ነው። እንግዳሽ ሲበላ «ሜሺአጋሩ»፣ አንቺ ስትበዪ «ኢታዳኩ»። ሁለቱን አቀያይረሽ «እኔ ሜሺአጋሩ» ካልሽ ራስሽን አንቱ አልሽ ማለት ነው። እኛ «እኔ ተመገብኩ» የሚል ሰው ስንሰማ ጆሯችን ቀጥ እንደሚለው ነው።

አብዝቶ መደረብም ስህተት ነው። ሻቾ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ነው። ሳማ ከሳን ከፍ ያለ የአክብሮት ቅጥያ ነው። «ሻቾ ሳማ» ማለት ግን ማዕረግ በማዕረግ መደረብ ነው፤ ማዕረጉ ውስጥ አክብሮቱ አለ።

ኪዮቶ ያለሁ

ሁሉም ያላችሁት የቶኪዮ ጃፓንኛ ነው። እዚህ ኪዮቶ «ሀሩ» የሚሏት ነገር አለች። ግሱ መጨረሻ ላይ ትገባለች። ሄደ ለማለት «ኢካሀታ»። ስለ ጎረቤት ይሏታል፣ ስለ ሕፃን ይሏታል፣ ስለ ድመትም ሲሏት ሰምቻለሁ። ስለ ገዛ አባታቸውም ለሌላ ሰው ሲያወሩ ሀሩ የሚሉ አሉ። ናጎያ ነዋሪ ያልከው የኡቺና የሶቶ ነገር እዚህ ይላላል። አጠገቤ ያለች የዳቦ ቤት አሮጊት ስለ ባለቤታቸው የሚያወሩት ልክ የእኛ እናቶች «እሳቸው» እንደሚሉት ነው። እኔ እሷን ስሰማ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል። ለመሥሪያ ቤት ስልክ ግን አትሞክሪያት።

ኦሳካ እናት

ማንም ደብዳቤን አላነሳም፤ እኔ ደግሞ ኡቺና ሶቶ በደንብ የገባኝ በወረቀት ነው። ጃፓን ውስጥ የሠርግ ጥሪ ሲመጣ መልስ መስጫ ፖስታ ካርድ አብሮ ይመጣል። የጠሪዎቹ አድራሻና ስም ቀድሞ ታትሞበታል። ከስማቸው ሥር ግን ሳማ አይሉም፤ የራሳቸው ስም ስለሆነ። በሳማ ፈንታ «ዩኪ» የሚል ፊደል ያደርጋሉ፣ ወደ እገሌ የሚሄድ እንደማለት። አንቺ ስትመልሺ ያችን ፊደል በሁለት መስመር ሰርዘሽ ከጎኗ «ሳማ» ብለሽ በእጅሽ ትጽፊያለሽ።

ካርዱን ስትገለብጪው ደግሞ «መገኘትዎ»፣ «የክብር ስምዎ» በሚል ዓይነት ተጽፏል። እነዚያ የአክብሮት ፊደሎች ላንቺ የተጻፉ ናቸው፤ መላሿ አንቺ ስለሆንሽ እነሱንም ትሰርዣቸዋለሽ። እነሱ ያቺን ፊደል ዝቅ አድርገው ላኩ፣ አንቺ ከፍ አድርገሽ መለስሽ። ያንቺን ከፍ አድርገው ላኩ፣ አንቺ ዝቅ አድርገሽ መለስሽ። እስክሪብቶና ማስመሪያ ይዘሽ ስትሠሪው ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ ይገባሻል።

ለመሥሪያ ቤት ከሆነ ሳማ የለም። ሰው ሳይሆን ድርጅት ነው የምትጽፊለት፣ ስለዚህ «ኦንቹ» ነው። «ዶኖ» የሚል የቆየም አለ፣ የምስክር ወረቀት ላይ ታዪዋለሽ። አስተርጓሚው፣ እርስዎ ያሉት የ1952ቱ ሰነድ እሱንም በሳማ ተኩት ብሎ ነበር አይደል?

አስተርጓሚው

ልክ ነሽ የኔ ልጅ፣ የመንግሥት ደብዳቤ ላይ ያለው ዶኖ ወደ ሳማ ይዙር ይላል።

ካትሱሺካ

ከቶኪዮ ነኝ፣ ዮትሱጊ፣ ሐበሻው የተሰባሰበበት ሰፈር። የስማችንን ጉዳይ ላንሳ። ጃፓን የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የግል ስም ይከተላል። ሳን የሚቀጠለውም በቤተሰብ ስም ላይ ነው። በግል ስም መጥራት ለቤተሰብና ለቅርብ ጓደኛ ነው። ያለ ምንም ቅጥያ መጥራት «ዮቢሱቴ» ይባላል፤ ከወዳጅ ሲመጣ ቅርበት ነው፣ ከሌላ ሲመጣ ንቀት።

እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ቅጹ ሁለት ቦታ ብቻ ስላለው የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ይገባል። ከዚያ የባንክ ሠራተኛዋ ሴቷን ልጅ «ከበደ-ሳማ» ብላ በድምፅ ማጉያ ትጠራለች። ክብር ብላ ነው፣ ግን የተጠሩት አባቷ ናቸው። የኔ ምክር፣ ሥራ ስትጀምሪ በመጀመሪያው ቀን «በዚህ ስም ጥሩኝ» ብለሽ የራስሽን ስም ንገሪያቸው። ጃፓኖች እንዲህ ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል፣ ይጠነቀቁበታል። ሳንን ራሳቸው ይቀጥሉበታል፤ አንቺ ግን ራስሽን ስታስተዋውቂ በፍጹም እንዳትቀጥዪ።

ኦሳካ እናት

ቤት ውስጥም አንድ ለእኛ የሚጥም ነገር አላቸው። ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ እናት ትልቁን ልጇን «ኦኒቻን» ማለት ትጀምራለች፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት። ባሏንም ኦቶሳን ትለዋለች። ሁሉም ሰው የሚጠራው በትንሹ ልጅ አፍ ነው። እኔም ሳላስበው ልጆቼን እንዲሁ ነው የምጠራቸው።

ሴንዳይ ተማሪ

ዜና ስትሰሚ ደግሞ ልብ በዪ። ስፖርተኛ ስሙ ላይ «ሴንሹ» ይቀጠልለታል። ወንጀል የተጠረጠረ ሰው እንኳ ባዶ ስሙን አይቀርም። ድሮ ጋዜጦች ያለ ምንም ቅጥያ ነበር የሚጽፉት። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ትልልቆቹ ጋዜጦች «ዮጊሻ» ይቀጥላሉ፣ ተጠርጣሪ ማለት ነው። ሳይፈረድበት ስሙን ራቁቱን ማውጣት እንደ ፍርድ ይቆጠራል ተብሎ ነው። ይሄ ለእኛም ጋዜጠኞች ይበጅ ነበር።

ጀማሪዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አስተርጓሚው በተለይ እርስዎ እድሜ ይስጥልኝ። ቀጥተኛው፣ አልፈራሁም፣ ይልቅ ጓጓሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ የምጠይቀው አንድ የጃፓን ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ስለጠራኝ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ። ድርጅታቸውን ፊት ለፊት ምን ብዬ ልጥራው? ስሙን ብቻ ልበል? ደግሞ «እናቴ መምህርት ናት» ለማለት «ሀሀ ዋ ክዮሺ ዎ ሽቴ ኢማስ» ብዬ አዘጋጅቻለሁ። ልክ ነው?

ናጎያ ነዋሪ

እንኳን ደስ አለሽ! «ሀሀ» ማለትሽ ትክክል ነው። «ኢማስ» ስህተት አይደለም፣ ግን «ኦሪማስ» ብትዪው ይበልጥ ያምራል።

ድርጅቱ በንግግር «ኦንሻ» ነው። በጽሑፍ ሲሆን «ኪሻ»። ሁለቱም የእናንተ የተከበረ ድርጅት ማለት ናቸው፣ ግን ኪሻ የሚል ድምፅ ያላቸው ሌሎች ቃላት ስላሉ፣ ባቡርም ጋዜጠኛም ኪሻ ነው፣ በአፍ ሲሆን ኦንሻ ይመረጣል። ስለዚህ የማመልከቻ ደብዳቤሽ ላይ ኪሻ፣ ክፍሉ ውስጥ ስትገቢ ኦንሻ። ስሙን ጠርተሽ ሳን ብትቀጥዪበትም አያስቀይምም። ከተቀጠርሽ በኋላ ግን ለውጭ ሰው ስታወሪ የዚያው ድርጅት ስም «ሄሻ» ይሆናል፣ ዝቅ ብሎ። ያኔ ቡቾሽም ታናካ ብቻ ይሆናሉ።